ለሟቹ ፊቱን መልሱለት

ሰው የሚገደልበትን ዘዴ በኮከብ እየሸለመ የሚያጫውት ጌም ታሪክ አያስተምርም። ይህን ሳላለሳልስ የምናገረው “ቢያንስ ያስተምራል” የምትለዋ ሰበብ ስላንገሸገሸችኝ ነው። ወላጅ “ትምህርታዊ” የሚለውን ምልክት ያያል፣ ልቡ ይረጋል፣ ስልኩን ለልጁ ሰጥቶ ወደ ጉዳዩ ይሄዳል። ልጁ ግን የተሰጠው ትምህርት አይደለም። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ሞት ከምክንያቱ፣ ከፈራጁና ከሟቹ ስም ተነጥሎ የጣት ቅልጥፍና መለኪያ ሆኖ ነው የቀረበለት።

ጌሟ ትንሽ ናት። የእህቴ ልጅ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነው፤ ስልኩ ላይ ጭኗት አየሁ። ገንዘብ አትጠይቅም፤ በየመሐሉ ማስታወቂያ ታሳያለች። ሥራዋ አንድ ነው፤ በጥንት ዘመን የሞት ፍርድ እንዴት ይፈጸም እንደነበር በየተራ ታቀርባለች። መስቀል አለ፣ ሰይፍ አለ፣ መንኮራኩር አለ፣ የዝሆን እግር አለ፣ ከሥሩ እሳት የሚነድበት የናስ በሬ አለ። ተጫዋቹ ጣቱን በትክክለኛዋ ቅጽበት ካንሸራተተ ሦስት ኮከብ ያገኛል። ከዘገየ ሟቹ ይንፈራገጣል፣ ኮከቡም ይቀንሳል። በየደረጃው መጨረሻ ሁለት መስመር “ታሪክ” ብቅ ትላለች፤ ቀጣዩ ደረጃ ስለተከፈተ ልጁ ሳያነባት ያልፋታል። የሚገደለው ነጭ አሻንጉሊት ነው። ዓይን የለውም፣ አፍ የለውም፣ ስም የለውም።

“ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?” ብዬ ጠየቅሁት።

“ምንም አላደረገም ጋሼ፤ ደረጃ አራት ነው” አለኝ።

ልጁን አልተቆጣሁም፤ የነገረኝ እውነቱን ነው። በዚያች ጌም ውስጥ ሰውየው ምንም አላደረገም። የከሰሰው የለም፣ የመሰከረበት የለም፣ የፈረደበት ዳኛም ሆነ ንጉሥ የለም፣ አደባባዩ ዳር ቆማ ደረቷን የምትደቃ እናት የለችም። ያለው ደረጃ አራት ብቻ ነው። ቁጣዬ ይህን አስቀድመው አስበውና አስልተው በሠሩት ላይ ነው።

ስለ ደም አይደለም የምጽፈው። ልጅ ስለ ሞት መስማት የለበትም ከሚሉት ወገንም አይደለሁም። አገራችን ውስጥ ቤተ ክርስቲያን እየሄደ ያደገ ልጅ ሰው ሲሰየፍ፣ ሲሰቀል፣ በእሳት ሲጣል በግድግዳ ሥዕል እያየ ነው ያደገው። ጎንደር ደብረ ብርሃን ሥላሴ የገባ፣ ዘጌ ወርዶ ኡራ ኪዳነ ምሕረትን ያየ ያውቀዋል። ስንክሳሩም የሰማዕታትን አሟሟት ሳይሸፋፍን ያነባል። የጊዮርጊስን መንኮራኩር ያልሰማ ማን አለ? እናቶቻችን እኛን እንዳዘሉ ቆመው ነው ይህን ሁሉ ያደመጡት።

ግን የአገራችን ሠዓሊ ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ። ጻድቁን ፊቱን ወደ ተመልካቹ መልሶ፣ ሁለት ትልልቅ ዓይን ሰጥቶ ይሥለዋል። ገዳዩን፣ ከሃዲውን፣ ሰይጣኑን በጎን አዙሮ አንድ ዓይን ብቻ ያወጣለታል። በዘመናት የጸና የአሣሣል ሥርዓት ነው። ሕፃን ልጅ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆሞ ቀና ሲል ዓይን ለዓይን የሚገጥመው ከሚሠቃየው ሰው ጋር ነው፤ ሰይፍ ከያዘው ጋር ዓይን መግጠም አይችልም። ብዙ ጊዜ ስሙን እንኳ ያላስቀረ የገጠር ሠዓሊ ይህን አውቆ ሠራው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የሚውል ባለሙያ ይጠፋዋል ብዬ አላምንም። አልጠፋውም። አሻንጉሊቱ ሁለት ዓይን ቢኖረው የልጁ ጣት እንደሚያመነታ ያውቃል። ጣቱ ካመነታ ልጁ ስልኩን ያስቀምጣል፤ ስልኩን ካስቀመጠ ማስታወቂያው አይታይም። ፊቱ የተሰረዘው ለዚህ ነው።

አሁን ወደዚያ “ትምህርት” ልመለስ። በጥንቱ ዓለም ሰው የሚገደልበት መንገድ ገዢው ደስ እንዳለው የሚመርጠው የጭካኔ ዓይነት ብቻ አልነበረም፤ ማን ምን ዓይነት ሰው እንደሆነ የሚናገር የሕግና የመደብ ጉዳይ ነበር። ሮምን እንውሰድ። መስቀል በዋናነት የባሪያ፣ የዓመፀኛና የሮም ዜግነት የሌለው ሰው ሞት ነበር። ለዜጋው ሰይፍ ነበረለት። ቤተ ክርስቲያናችን ሐምሌ 5 ቀን ጴጥሮስንና ጳውሎስን በአንድነት ታስባለች። በትውፊቱ ሁለቱም በኔሮን ዘመን ሮም ውስጥ ሞቱ፤ ጴጥሮስ ቁልቁል ተሰቀለ፣ ጳውሎስ ግን በሰይፍ ተቀላ። ከተማው አንድ፣ ንጉሡ አንድ፣ የሞቱለት እምነት አንድ፤ አሟሟቱ ለምን ተለያየ? ጳውሎስ የሮም ዜግነት ነበረው፣ የገሊላው ዓሣ አጥማጅ አልነበረውም። በሰው አገር ዜግነት ሳይኖረው የሚኖር አንባቢዬ ይህን ሳላብራራለት ይገባዋል።

ጌሟ መስቀሉም ሰይፉም አላት። አንዱ ደረጃ ሁለት፣ ሌላው ደረጃ ሦስት ነው። በመካከላቸው ያለውን ሕግ ግን ጥላዋለች። ሕጉ ከተጣለ ከታሪኩ ምን ተረፈ?

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ71 ዓመት፣ ከስፓርታከስ ጋር ያመፁት ባሮች ተሸነፉ። የሮሙ ጦር መሪ ክራሱስ የማረካቸውን 6,000 ሰዎች ከካፑዋ ወደ ሮም በሚወስደው በአፒያ መንገድ ዳር ሰቀላቸው። መንገዱ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስሉት፤ በየ33 ሜትሩ ገደማ አንድ ሰው ማለት ነው። በዚያ መንገድ ሸክም ተሸክሞ የሚያልፍ ባሪያ ሁሉ ቀን ሙሉ ቢሄድ ከዓይኑ እንዳይጠፉ ሆነው ነው የተተከሉት። ከ6,000ዎቹ የአንዳቸውም ስም አልደረሰንም፤ የክራሱስ ስም ደርሶናል። ጌሟ ታዲያ የማንን ሥራ እየቀጠለች ነው? ስም የሌለውን ሰው ዳግመኛ ስም አልባ አድርጋ እየሰቀለች የክራሱስን ሥራ እየቀጠለች ነው።

ስቅላትን ለልጅ አስተምር ብባል እኔ የምነግረው ሌላ ነው። በ1968 እ.ኤ.አ. ኢየሩሳሌም ውስጥ ጊቭዓት ሃሚቭታር በሚባል ሰፈር ከመጀመሪያው መቶ ክፍለ ዘመን የቆየ የመቃብር ዋሻ ተገኘ። ከድንጋይ በተፈለፈለ የአጥንት ሣጥን ውስጥ የአንድ ወጣት ተረከዝ አጥንት ነበር፤ ከ11 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ የብረት ምስማር እንደተሰካበት። የምስማሩ ጫፍ ታጥፏል፤ እንጨቱ ውስጥ ጉጥ መትቶ ሳይሆን አይቀርም። ያወረዱት ሰዎች ሊነቅሉት ስላልቻሉ ከነምስማሩ ቀበሩት። ሥጋው ካለቀ በኋላ ቤተሰቡ በአገሩ ልማድ አጥንቱን አንድ በአንድ ለቅመው በሣጥን አኖሩት፤ ሣጥኑም ላይ ስሙን ቀረጹበት። ዮሐናን ይላል፤ እኛ ልጆቻችንን ዮሐንስ ብለን የምንጠራበት ስም ነው። ሮም የሰቀለችው ሰው ስፍር ቁጥር የለውም፤ ከነምስማሩና ከነስሙ የተገኘልን ግን ይህ ሰው ነው። ይህንንም ያገኘነው ወዳጅ ዘመድ ስለነበረው፣ ያም ዘመድ ስሙን ድንጋይ ላይ ለመቅረጽ ስለደከመ ነው። የ12 ዓመት ልጅ ይህ ይገባዋል። እንቅልፍ ሊነሣው ይችላል፤ ይንሣው። ስለ ስቅላት ሰምቶ እንቅልፍ ያጣ ልጅ ስለ ስቅላት አንድ ነገር አውቋል።

ሌላም አለ። ጌሟ የምታቀርበው እንኳ ሁሉም እውነት አይደለም። ውስጡ በሾሉ ብረቶች የተሞላ፣ ሰው ገብቶበት የሚዘጋ ቁምሣጥን አላት፤ “የመካከለኛው ዘመን” የሚል ጽሑፍ ለጥፋበታለች። ያ ዕቃ በመካከለኛው ዘመን ሰው እንደተገደለበት ማስረጃ የለም። ወሬውን በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ አንድ ጀርመናዊ ጸሐፊ አነሣው፤ ኑረምበርግ ውስጥ ለጎብኚ የታየው ሣጥንም የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ልጁ በኮከብ የተሸለመው አንድም ሰው ሞቶበታል ተብሎ ባልተረጋገጠ ዕቃ ነው።

የናሱ በሬስ? ከክርስቶስ ልደት በፊት በ6ኛው ክፍለ ዘመን ፋላሪስ የተባለ ጨካኝ ገዢ በሲሲሊ ደሴት በአክራጋስ ነግሦ ነበር። ፔሪላዎስ የሚባል አንጥረኛ፣ ውስጡ ሰው ሲቃጠል ጩኸቱ እንደ በሬ ማጓራት ሆኖ የሚወጣ የናስ በሬ ሠርቶ አቀረበለት ይባላል። ፋላሪስም መጀመሪያ የከተተበት ራሱን ሠሪውን ነው። ነገሩ በእውነት ተፈጽሞ ይሁን አፈ ታሪክ፣ የጥንት ጸሐፊዎች ደጋግመው ያወሩት በፔሪላዎስ ላይ ለመፍረድ ነው። የሰው ጩኸት መዝናኛ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው ምን እንደሚገባው ለማሳየት ነው ያወሩት። ጌሟ በሬውን ወሰደች፣ ማጓራቱንም ወሰደች፤ ድምፁ እንዲያውም የጌሟ ምርጥ ድምፅ ነው። ፔሪላዎስን ግን ከታሪኩ አወጣችው። ጌሟን የሠራችሁ ሰዎች፣ ያወጣችሁት ለምን እንደሆነ ይገባችኋል።

ሁለተኛው ሰበብ “ጥንታዊ ነው” የሚለው ነው። አልፏል፣ ማንንም አያምም ይሉናል።

ፈረንሳይ የሰው አንገት በጊሎቲን ለመጨረሻ ጊዜ የቆረጠችው በ1977 እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 10 ቀን፣ ማርሴይ ውስጥ ነው። በእኛ ጳጉሜን 5 ቀን 1969፣ የዘመን መለወጫ ዋዜማ። ያ ዘመን በአዲስ አበባ የቀይ ሽብር ዘመን ነበር፤ የወጣቶች ሬሳ መፈክር ተለጥፎበት መንገድ ዳር ይጣል ነበር። መስቀል አደባባይ ጥግ ያለውን የሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግቡና እዩ፤ ግድግዳው ከላይ እስከ ታች የፊት ፎቶ ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ1937 እ.ኤ.አ. ፋሺስት ኢጣሊያ የዋጉን አርበኛ ደጃዝማች ኃይሉ ከበደን ገድሎ የተቆረጠ ጭንቅላታቸውን በአደባባይ አሳይቷል። የኢጣሊያ ወታደሮች ከተቆረጠ የሐበሻ ራስ ጋር የተነሡት ፎቶ ዛሬም አለ። አሜሪካ ውስጥ ጥቁሮች በመንጋ ፍርድ ሲሰቀሉ ፎቶው ፖስትካርድ ሆኖ ይሸጥ ስለነበር መንግሥት በ1908 እ.ኤ.አ. በፖስታ እንዳይላክ መከልከል ግድ ሆኖበታል። የሰው መገደል ለመዝናኛ ሲቀርብ የኖረበት ታሪክ ይህ ነው፤ ከጥንቱ ይልቅ ለእኛ የቀረበ።

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም.ስ? ሊቢያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በክርስትናቸው ምክንያት ከፊሎቹ ባሕር ዳር ታርደው፣ ከፊሎቹ በጥይት ተደብድበው መገደላቸውን ያየነው በዚያ ቀን ነው። ገዳዮቹ ካሜራ ደግነው፣ ቦታ መርጠው፣ አቀነባብረው ነው የለቀቁት። አገር ሦስት ቀን ኀዘን ተቀመጠ። ቂርቆስ ሰፈር ድንኳን ተጣለ። ቤተሰብ ልጁን የለየው በፊቱ ነው። ሰይፍ “ጥንታዊ” ነው የሚለኝ ሰው ይህን እዚያ ድንኳን ውስጥ ቢናገረው እወዳለሁ። ያ ቪዲዮ የደረሰን በስልካችን ነበር። ዛሬ በስልክ ላይ ልጃችን ጣቱን በአሻንጉሊት አንገት ላይ እያንሸራተተ ኮከብ ይቆጥራል፤ እኛም “ታሪክ ነው” እያልን እንቀመጣለን።

ይህ ንግድ አዲስ አይደለም። የኤዲሰን ድርጅት በ1895 እ.ኤ.አ. የስኮትላንዷን ንግሥት የሜሪን መገደል የሚያሳይ፣ ግማሽ ደቂቃ የማይሞላ ፊልም ሠራ። ካሜራውን አቁመው፣ ተዋናዩን በአሻንጉሊት ተክተው፣ የአሻንጉሊቱን አንገት ቆረጡ። በ1986 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኤክሲዲ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ “ቺለር” የሚል ጌም አወጣ፤ ተጫዋቹ በማሠቃያ ክፍል የታሰሩ፣ ማምለጥ የማይችሉ ሰዎችን በሽጉጥ ይመታል። ኤክሲዲ ቢያንስ ትምህርት ነው ብሎ አላታለለም። ይህን ሰበብ ከጌሟ ጋር የሚጋራው ሰርየስ ጌምስ ኢንተራክቲቭ የተባለ የዴንማርክ ኩባንያ ነው። ስለ ባሪያ ንግድ ለልጆች ትምህርት ይሰጣል ብሎ በ2013 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጌም ውስጥ፣ ተጫዋቹ የአፍሪካውያንን አካል እንደ ቴትሪስ ጡብ እየገጣጠመ መርከብ ላይ የሚደረድርበት ክፍል ነበር። በ2015 እ.ኤ.አ. ጩኸት ሲበረታበት ክፍሉን አወጣው። ይህን አስታውሱልኝ፤ ያወጣው ሰው ስለጮኸ ነው።

“መጽሐፍስ? ፊልምስ? እነሱም ያሳያሉ አይደል?” የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ያሳያሉ። መጽሐፍ አንባቢውን ምስክር ያደርገዋል፣ ፊልምም ተመልካች ያደርገዋል። ጌም ግን እጁን ይዞ ገመዱን ያስጨብጠዋል። ኃይሉ እዚህ ላይ ነው፤ ስለዚህ ኃላፊነቱም ከሁሉ ይበልጣል። ጌም ራሱ የተረገመ ነገር ነው አልልም፤ ያን ኃይል በቅን ልብ የተጠቀመበትም አለ። አሜሪካዊቷ የጌም ነዳፊ ብሬንዳ ሮሜሮ በ2009 እ.ኤ.አ. “ትሬን” የተሰኘ የገበታ ጨዋታ ሠራች። ተጫዋቾቹ ትንንሽ ቢጫ ምስሎችን ባቡር ፉርጎ ውስጥ እየጫኑ ወደ መድረሻ ያደርሳሉ፤ ብዙ የጫነና ቀድሞ የደረሰ ይቀናዋል። መድረሻውን የሚገልጠው ካርድ ሲገለበጥ እንደ አውሽቪትዝ ያለ የናዚ ማጎሪያ ካምፕ ስም ይታያል። ካርዱን ያዩ ሰዎች አልቅሰዋል፤ ቀድመው የገባቸው ምስሎቹን ከፉርጎ ማውጣትና መደበቅ ጀምረዋል። እዚያ ጨዋታ ውስጥም ምስሎቹ ፊት የላቸውም፤ ተጫዋቹ ግን ሰው መሆናቸውን የሚያውቅበት ሰዓት ይመጣል፣ ሰዓቱ ሲመጣም እጁን ያያል። ሴትየዋ ጨዋታውን ያዘጋጀችው ለዚያች ሰዓት ነው። የእኛዋ ጌም ሦስት ኮከብ የምታዘንበው ግን ያቺ ሰዓት ከቶ እንዳትመጣ ነው።

ስለዚህ ያለኝ ጥያቄ ግልጽ ነው። ይህች ጌም “ትምህርታዊ” ከሚለው መደብ ትውጣ። ስለ ጥንት የሞት ፍርድ ጌም መሥራት የምትፈልጉ፣ አዲስ አበባም ሁኑ ሌላ አገር፣ ሥሩ፤ ግን ለሟቹ ፊት ስጡት፣ ስም ስጡት፣ ማን እንደፈረደበትና ለምን እንደፈረደበት ተጫዋቹ ሳያውቅ ቀጣዩ በር አይከፈት። ይህን ማድረግ ካልቻላችሁ ሌላ ጌም ሥሩ።

ወላጆች፣ ዛሬ ማታ የልጃችሁን ስልክ አትንጠቁት፤ አጠገቡ ተቀመጡና “ይሄ ሰውዬ ምን አድርጎ ነው?” ብላችሁ ጠይቁት። “ምንም” ካላችሁ፣ ስለ ዮሐናን ንገሩት። ከዚያ ጌሟን አብራችሁ አጥፏት። የመተግበሪያ ሱቁ ገጽ ላይ ወደ ታች ስትወርዱ ቅሬታ ማቅረቢያ አለ፤ እኔ ጽፌበታለሁ። እናንተም ጻፉ።